ባሕር ያልገባች የባሕር ጀግና

ጅቡቲ ውስጥ የጣሪያ ማራገቢያ የሚፈራ ሰው ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ሌላው ሰው መብራት ጠፍቶ እንዳይቆም ይፈራል፤ እኔ የምፈራው ሲዞር ነው። አንድ ቀን ብሎኑ ተፈትቶ ቁልቁል ይመጣና እንደ ሽንኩርት ይከትፈናል ብዬ፣ ባልባላ ሰፈር ከገባንበት ቀን ጀምሮ ፍራሼን ከግድግዳ አስጠግቼ ነው የምተኛው። ባሌ መሃል ላይ ይተኛል። ብሎኑ ቢፈታ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ስለሆነ እኔን ምን እንዳስጨነቀኝ ይጠይቀኛል። እውነቱን ነው። ግን እሱን ጨርሶ ወደ ግድግዳው ቢንከባለልስ?

ጋዝ እፈራለሁ። ክብሪቱን ጭሬ ወደ ምድጃው የምወረውረው በሩ ላይ ቆሜ ነው። ሚኒባስ እፈራለሁ፤ ከባልባላ ወደ መሃል ከተማ ቁልቁለቱን ሲወርድ ዓይኔን ጨፍኜ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ እደግማለሁ፤ ስገልጥ ሰው ሁሉ ወርዶ አልቆ ረዳቱ ፊቴ ቆሞ ይጠብቀኛል። ከሁሉ ይልቅ ግን ባሕር እፈራለሁ። ይቺ ከተማ ደግሞ በሦስት በኩል ባሕር ናት፤ ፈሪ ሰው እያወቀ የሚመጣባት ቦታ አይደለችም። እኔ በ1990 ዓ.ም. ከድሬዳዋ በባቡር የመጣሁት አግብቼ፣ ባሌን ተከትዬ ነው። ባሌ ወደብ አካባቢ የመጋዘን ዘበኛ ነው።

ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ነው። አራተኛ ክፍል የሚማሩበት ትምህርት ቤት ከአሸዋው ወንዝ ማዶ ነበር። ወንዙ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው፣ በላዩ ላይ ገበያ ይቆምበታል፤ እኔ ግን ልክ እኔ በምሻገርበት ቀን ጎርፍ ይመጣል አልኩ። እናቴ ለመነችኝ፣ ቀጥላ ገረፈችኝ፤ አልተሻገርኩም። በዚያው ቀረሁ።

እንዲህ ያለች ሴት ፌስቡክ ላይ «የማትፈራ እናት» ተብላ እንዴት እንደታወቀች ልጽፍ ነው ደብተሬን የገለጥኩት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እውነት ነው። ከዚህ በፊትም እንደዚሁ እያልኩ ጽፌያለሁና፣ ማመን አለማመን የአንባቢ ነው።

ያስጀመረችኝ ልጄ ናት። ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ትምህርቷ በፈረንሳይኛ ነው፤ የአማርኛ ፊደል ያስቆጠርኳት ግን እኔ ነኝ፣ በሻሽ ካርቶን ላይ እየጻፍኩ። ካርቲዬ ሁለት ገበያ ውስጥ አንዲት ጠረጴዛ አለችኝ፤ ሻሽና ድሪያ ቀሚስ እሸጥባታለሁ። በእኛ አቆጣጠር ሰባት ሰዓት ገደማ ጫቱ ከኢትዮጵያ ይደርሳል፤ ያኔ ከተማው ይዘጋል። ወንዱ ጫቱን በብብቱ ይዞ ወደ በርጫው ይሄዳል፣ ሴቱ ወደ ጥላው ይገባል፣ መንገዱን ሙቀቱ ብቻውን ይይዘዋል። እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ድመት እንኳ አታቋርጥም። እኔና ልጄ ያቺን ሰዓት ሻሽ እያጠፍን፣ በወሬ ነበር የምናሳልፋት። አንድ ቀን ሆዷን ይዛ ከሳቀች በኋላ፣ ይሄ የምታወሪው እኮ ይነበባል፣ ጻፊው አለችኝ። ተስማማን፤ እኔ በደብተር እጽፋለሁ፣ እሷ በስልኳ ትተይባለች። ገጹን «የባልባላ እናት» አልነው።

የመጀመሪያው ጽሑፌ ስለ ማራገቢያው ነበር። ቃል በቃል እውነት። ሦስት ሰው ወደደው፤ ልጄ፣ የልጄ ጓደኛ፣ ሦስተኛዋ እኔ ራሴ፣ ልጄ ጣቴን ይዛ አስነክታኝ። ሁለተኛው ስለ ጋዙ ነበር። እሱን የልጄ ጓደኛ እንኳ አልወደደችውም።

የተበላሸሁት ሦስተኛው ላይ ነው። ነገሩ እንዲህ ነበር። ገበያ ውስጥ አንድ ረጅም ጎረምሳ ጠረጴዛዬ ፊት ቆሞ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ አንዴ ሻሹን አንዴ እኔን ያያል። ሌባ ነው አልኩ። አፉን ሳይከፍት ቦርሳዬን አውጥቼ ሰጠሁትና ሮጥኩ። እሱም ቦርሳዬን ይዞ ተከተለኝ። «እማማ፣ እማማ» ባለ ቁጥር እኔ ፍጥነት እጨምራለሁ። መስጊዱ ደጃፍ ላይ ትንፋሼ አልቆ ስቆም ደረሰብኝና ቦርሳዬን መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ለእናቱ ሻሽ ሊገዛ ኖሯል፤ ቀለም መምረጥ አቅቶት ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ በጠረጴዛዬ በኩል አልፎ አያውቅም።

ይህን ልጽፍ ተቀመጥኩና እጄ እምቢ አለኝ። የጋዙን ማንም አልወደደው። እስቲ ጥቂት ላስተካክለው አልኩ። ስጨርስ ጎረምሳው የለየለት ሌባ ሆኗል፤ እኔ እጁን ጠምዝዤ ቦርሳዬን ተቀብያለሁ፤ እሱ መስጊዱ ደጃፍ ላይ ተንበርክኮ አውፍ በሉኝ፣ ማሩኝ ብሏል፤ እኔም ምክር ሰጥቼ ለቅቄዋለሁ። ልጄ መተየቧን አቁማ ቀና አለች።

«እማዬ፣ ይሄ መቼ ነው የሆነው?»

«አንቺ ትምህርት ቤት ሳለሽ» አልኳት።

በማግስቱ ስልኩ ሲጮህ ዋለ። ከድሬ፣ ከአዲስ አበባ፣ ከቤሩት፣ ከሪያድ ሰው ጻፈልኝ። አንዷ «የማትፈራ እናት» ብላ ጠራችኝ። ልጄን ደጋግሜ አስነበብኳት፤ ሦስተኛው ላይ ማንበብ ትችያለሽ እኮ አለችኝ። በሳምንቱ የገጹን ስም ያስቀየርኩት እኔው ነኝ፣ ማንም አላስገደደኝም።

ከዚያ ወዲያ ውሸቴ መንገዱን አገኘ። ነገር አልፈጥርም ነበር። ሁሉን እንደነበረ እተወውና፣ ፈሪዋን አውጥቼ በቦታዋ ደፋሯን አስገባለሁ፤ ይኸው ብቻ ነው። ውሻ ያባረረኝን ቀን ውሻ ያባረርኩበት ቀን አደረግኩት። ሰፈራችን ሠርግ ላይ ጄኔሬተር ሲያጓራ አልጋ ስር የገባሁትን፣ ሕፃናት ከአልጋ ስር እየጎተትኩ ያወጣሁበት አደረግኩት። አልጋው ያው አልጋ ነው። ደግሞ ፈሪ ሰው ስለ ድፍረት ሲጽፍ ይሳካለታል፤ ዕድሜዬን ሙሉ በበር ስንጥቅ ሌላው ሲደፍር ሳይ ስለኖርኩ እያንዳንዷን እርምጃ አውቃታለሁ። ሰው ሲጠይቀኝም ምክር መስጠት ጀመርኩ። አንዲት ቤሩት ያለች ልጅ አሠሪዋ ስለምትጮህባት ምን ላድርግ ብትለኝ፣ አትናገሪ፣ ዓይን ዓይኗን ብቻ እያት አልኳት። እኔ ጨርቅ የሚያመጣልኝ ነጋዴ ሲደውል እንኳ ከመቀመጫዬ ተነስቼ ነው የማናግረው።

እንዲህ ሁለት ዓመት ኖርኩ። ቀጥሎ ባሕሩ መጣ።

ጎረቤቴ የታጁራ ሴት ናት፣ አፋር፤ ዓሣ ትሸጣለች። አማርኛዋ ግማሹ ሶማልኛ ነው፣ የእኔ ሶማልኛ ግማሹ አማርኛ ነው፤ መሃል ላይ እንገናኛለን። አንድ ቀን ዓሣዋን እየጠረገች፣ ልጅ ሳለች ከአጎቷ ጋር በእንጨት ጀልባ ከታጁራ ስትመጣ ማዕበል እንዴት እንደያዛቸው አወራችኝ። እሷ አውርታ ረሳችው፤ እኔ ቤቴ ገብቼ ደብተሬን አወጣሁ።

የራሴ የባሕር ታሪክ አንድ ነው። ይህችው ጎረቤቴ የዘመዷ ሠርግ ላይ ጠርታን በመርከቡ ወደ ታጁራ ልንሻገር ተነሳን። መወጣጫው ላይ አንድ እግሬን አሳረፍኩ። ብረቱ ከስሬ ተንቀሳቀሰ። ምድጃ ላይ ድስት ረስቻለሁ ብዬ ተመለስኩ። ባሌና ልጄ ሄደው፣ ዓሣ በልተው፣ ጨፍረው መጡ። ምድጃው ላይ ድስት እንዳልነበረ ሦስታችንም እናውቃለን፤ ማንም ግን ትንፍሽ አላለም ነበር።

ጽሑፌ ላይ ማዕበሉ መሃል ቆሜ ሰው አረጋጋለሁ። ባሕር ፈሪን ታውቃለች፣ የማይፈራትን ታሳልፋለች ብዬ ጻፍኩ። ጀልባው መሃል ተቀመጡ፣ ሎሚ ንከሱ፣ ውሃውን ትታችሁ ሰማዩን እዩ አልኩ። «ፈሪን የሰማ ዳር ላይ ቀረ» ብዬ ዘጋሁት። ልጄ ይህን ስትተይብ መቼ ነው አላለችኝም። ስትጨርስ ስልኩን ፍራሹ ላይ አስቀመጠችና «ውሸት መተየብ ደከመኝ» ብላ ልብስ ልታጥብ ወጣች። ልብስ ማጠብ የምትጠላ ልጅ ናት።

ያ ጽሑፍ ከሌሎቹ ሁሉ በለጠ። በርጫ ላይ አንዱ ጮክ ብሎ ለሌሎቹ አነበበው። ባልባላ የምትኖር፣ ካርቲዬ ሁለት ሻሽ የምትሸጥ የድሬዳዋ ሴት ማን እንደሆነች ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም፤ ሁሉም ወደ ባሌ ዞሩ። ሚስቱ የባሕር ጀግና መሆኗን ያን ቀን ሰማ። ቤት ሲመጣ በሩ ላይ ቆሞ ብዙ አየኝ።

«የትኛው ባሕር ነው?» አለኝ።

«የታጁራው።»

«ድስቱስ?»

በማግስቱ ግን ወደ በርጫው ሲሄድ ሸሚዙን አስተኩሶ ነበር።

የየመን ጦርነት የጀመረበት ዓመት ነው፣ ወሩ ነሐሴ። በዚያ ወቅት ኻምሲን የሚሉት ነፋስ አቧራና እሳት ይዞ ይነፍሳል፤ ሰው ዓይኑን በሻሽ ሸፍኖ ይሄዳል፣ እኔም ሻሼን እሸጣለሁ። ከወዲያ ማዶ ሰዎች ጦርነት ሸሽተው በጀልባ ወደ እኛ ይመጣሉ። ከወዲህ ደግሞ የእኛ ልጆች ከየመን አልፎ ሳዑዲ አለ ብለው በዚያው ውሃ ወደዚያው ይሄዳሉ። አንድ እሑድ ከሰዓት ልጄ ስልኳን ይዛ መጣችና፣ ይሄን እኔ አላነብልሽም፣ አንቺው አንብቢው አለችኝ።

መልእክቱን አልረሳውም። «እናቴ ሆይ እንደምን ሰነበቱ። እኔ ከወሎ የመጣሁ ሴት ልጅ ነኝ። እዚሁ አርሂባ ሰፈር ሰው ቤት ሁለት ወር ሠራሁ። ባሕሩን ስለፈራሁ ወደ አገሬ ልመለስ ነበር። የእርስዎን ጽሑፍ አራት ጊዜ አነበብኩት፣ ፍርሃቴ ጠፋ። ሐሙስ ደላላው ወደ ኦቦክ ይወስደናል፣ ከዚያ በጀልባ ነው። ሎሚ ገዝቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ፤ መሃል ላይ ቦታ ከጠፋ ከፊት ይሻላል ከኋላ?»

ሎሚ ገዝቻለሁ የሚለውን ደግሜ አነበብኩት። ሎሚው እኮ የእኔ ነው። ጎረቤቴ ስለ ሎሚ አንድም ቃል አልተነፈሰችም፤ እኔ ነኝ ለማሳመር ያስገባሁት።

ወዲያው ልጄን አስቀምጬ አስተየብኳት። ጦርነት አለ፣ ነፋሱ መጥፎ ነው፣ ደላላ አይታመንም፣ ልጄ ተመለሺ አልኩ። መልሱ ሻሽ አጥፌ ሳልጨርስ መጣ። ይህንንማ ሁሉም ሰው ይለኛል አለች፤ ፈሪን የሰማ ዳር ላይ ቀረ ያሉት እርስዎ አይደሉም ወይ? ልጄ ከስልኩ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ሻሹን ማጠፍ ቀጠልኩ። ያንኑ ሻሽ ነው ደጋግሜ የማጥፈው።

ጎረቤቴ ጋ ሄድኩ። የዓሣ ቅርፊት እየፋቀች ነበር። ከሌባው ጀምሬ እስከ ሎሚው ሁሉን ነገርኳት። መጀመሪያ ቢላዋው ከእጇ እስኪወድቅ ሳቀች። እኔን፣ ከበርሜል ውሃ ስቀዳ እንኳ ፊቴን አዙሬ የምቀዳውን ሴት፣ ማዕበል መሃል ቆሜ በዓይነ ሕሊናዋ አየችኝና እንደገና ሳቀች። ቆይታ ግን ልጅቷ በየት በኩል ነው የምትሄደው አለችኝ። ኦቦክ አልኳት። ሳቋ ቆመ። አጎቷ ያሻገራት በቀዝቃዛው ወር ነው፣ ዳር ዳሩን ይዞ፣ መሬት እየታየ፤ ያም ሆኖ ማዕበል ያዛቸው። በኻምሲን አጎቷ ጀልባውን አስሮ መረቡን ነው የሚጠግነው። የእነዚህ ልጆች ጀልባ ደግሞ በባብ ኤል መንደብ በኩል ነው የሚወጣው፣ ሰው እንደ ከሰል ታጭቆበት።

«ያ ኡኽቲ፣ እህቴዋ፣ የአጎቴን ጀልባ ሰርቀሽ ሌላ ባሕር ላይ ለቀቅሽው» አለችኝ። «አሁን ሂጂና ጀልባው ያንቺ እንዳልሆነ ንገሪያት።»

ሰኞ እውነቱን ጻፍኩላት። ባሕር ገብቼ አላውቅም፣ ያልኩሽ ሁሉ የሰው ታሪክ ነው አልኩ። «ትሕትናዎ እንዴት ደስ ይላል» ብላ መለሰች። ድስቱን ነገርኳት። የሚስቁ ፊቶች ደርድራ ላከችልኝ፤ ቀልድም ይችላሉ ለካ አለች። በአላህ ስም ማልኩ። ቤተሰብ አስፈራርቶዎት ነው አይደል፣ ገብቶኛል፣ አይጨነቁልኝ አለችኝ። ሁለት ዓመት ውሸቴን ያለ ምስክር ያመኑኝ ሰዎች ነበሩ፤ እውነቴን ስናገር ግን ምስክር አስፈለገኝ። ምስክሬ ደግሞ ይኸው ገላዬ ብቻ ነው። በዓይኗ ታየኝ እንጂ በስልክ አይሆንም አልኩ።

ማክሰኞ፣ አሠሪዎቿ በሚተኙበት ሰዓት፣ ራስ ዲካ ባሕሩ ዳር እንገናኝ ተባባልን። ብቻዬን ባሕር ዳር መቆም ስለማልችል ልጄም ጎረቤቴም አጀቡኝ፤ ወደ ዘመቻ የምሄድ ነበር የምመስለው። ነፋሱ አቧራ ይረጫል። ከድንጋዩ ስር ጥቂት የዓሣ አጥማጅ ጀልባዎች ታስረው ይናጣሉ፤ አንዱ ባለ ጀልባ ጥላ ስር ፊቱን በጨርቅ ሸፍኖ ተኝቷል።

ልጅቷ ቀድማን ደርሳለች። ቀጭን ናት፣ ከልጄ በሁለት በሦስት ዓመት ብትበልጥ ነው። ስታየኝ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። ብብቷን ይዤ ባነሳትም እሷ ትከሻዬን ሳመች። የያዘችው ፌስታል ውስጥ ሎሚዎቹ ነበሩ፤ የመረጥኳቸው ደህና ናቸው ወይ ብላ ልታሳየኝ ነው ያመጣቻቸው። አንዱን አንስቼ አገላብጬ አየሁት። ይሄንን እንኳ ያደረግኩት ከልማድ ነው፣ አዋቂ ለመምሰል።

ጎረቤቴ ባለ ጀልባውን ቀስቅሳ በአፋርኛ አናገረችው። ጨርቁን ሳይገልጥ በእጁ ግቡ አለን። ውሃው እዚያ ጋ ከጉልበት አያልፍም፤ ጀልባው በወፍራም ገመድ ድንጋዩ ላይ ታስሯል። እኔ ቤቴ ሳለሁ ሁሉን አስቤ ጨርሼ ነበር፤ ልጅቷ እንድታምን ትንሽ እጮሃለሁ፣ ትንሽ እንቀጠቀጣለሁ፣ ከበቂ በላይ ነው ብዬ። ማስመሰል ለምዶብኝ፣ ፍርሃቴን ራሱን ላስመስለው ነበር የሄድኩት።

ማስመሰል አላስፈለገም። ጎረቤቴና ልጄ ግራና ቀኝ ደግፈው አስገቡኝ፤ ልጅቷም አብራኝ ገባች። እግሬ ሲያርፍ ወለሉ ወደ አንድ ወገን ሄደ። ከዚያ የሆነውን የምጽፈው ልጄ እንደነገረችኝ ነው። የሟች እናቴን ስም ጠራሁ። የልጅቷን አንገት አንቄ ያዝኩ። አንድ ጫማዬ ባሕር ገባ። ወደብ ላይ ያለውን ባሌን አውፍ በለኝ አልኩት፣ ድስት እንዳልነበረ በአደባባይ አመንኩ። ሰማዩን እዪ የሚለው ምክሬ ትዝ ብሎኝ ቀና ብል ሰማዩም ይናጣል። ወለሉ ላይ ተዘርግቼ ሳንቃውን አቀፍኩት። ባለ ጀልባው ሰው ሞተ ብሎ ከእንቅልፉ ዘሎ መጣ። ሁላችንንም አየ፣ ውሃውን አየ፣ ድንጋዩን አየ።

«ገመዱ እኮ አልተፈታም» አለ።

ልጄ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብላ በሳቅ እንባዋን ትጠርጋለች። ጎረቤቴም እንደዚያው። ልጅቷ ብቻ አልሳቀችም። ጎትታ አወጣችኝ፣ ባለ ጀልባው በእንጨት ያወጣውን ጫማዬን ተቀብላ እግሬ ስር አስቀመጠችልኝ፣ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«አንቺ» አለችኝ። እስከዚያች ደቂቃ እርስዎ ነበርኩ። «እናቴ እያለቀሰች አትሂጂ ስትለኝ፣ አንቺ ባሕር አታውቂም፣ የምታውቅ ሴት አግኝቻለሁ አልኳት። በስልክ። ከዚያ ዘጋሁባት።»

የመጣልኝን ተናገርኩ።

«ፍርሃቱ ያንቺ ነበር፣ ደህና ፍርሃት ነበር። እኔ ነኝ የወሰድኩብሽ። ይኸው፣ ውሰጂው።»

ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች። ለእኔ ብቻ ብትነግሪኝ ምን ይረባል አለችኝ፤ አብረውኝ የሚሄዱ አምስት ሴቶች አሉ፣ ጽሑፍሽን ጮክ ብዬ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ለሁሉም በጻፍሽበት ቦታ ለሁሉም ጻፊው። ደህና ዋይ ሳትለኝ ፌስታሏን ይዛ ሄደች።

ቤት ገብቼ ደብተሬን አወጣሁ። እዚህ ጋ ልዋሽ አልፈልግም፤ ሐሙስ ከነገ ወዲያ መሆኑን እያወቅኩ፣ የስድስት ሴት ነፍስ እያሰብኩ፣ እጄ አሁንም ማስተካከል ነው የፈለገው። «ደፋር ሰውም አንዳንድ ቀን ይፈራል» ብዬ ጀመርኩ። ልጄ በትከሻዬ በኩል አነበበችና ደብተሩን ዘጋችው።

«እማዬ፣ ድስቱን ጻፊው።»

ድስቱን ጻፍኩ። ሻሽ ሊገዛ የመጣውን ጨዋ ልጅ ይቅርታ ጠየቅኩት። ውሻውንና አልጋውን ወደየቦታቸው መለስኳቸው። ጀልባው የጎረቤቴ አጎት ጀልባ መሆኑን፣ ሎሚው ከአፌ የመጣ መሆኑን፣ የእነሱ ባሕር ሌላ፣ ወሩ ሌላ መሆኑን፣ ገመዱ ባልተፈታ ጀልባ ላይ ምን እንደሆንኩ ጻፍኩ። ይህን ያነበባችሁ ልጆች በእኔ ቃል እንዳትገቡ፣ እኔ የጉልበት ውሃ የምታስጮኸኝ ሴት ነኝ አልኩ። ልጄ እንደዚያ በፍጥነት ስትተይብ አይቻት አላውቅም። ረቡዕ ጠዋት ወጣ። የገጹንም ስም ወደ ድሮው አስመለስኩት።

ስድብ እንደ ኻምሲን መጣ። በዚህ ዕድሜሽ አታፍሪም ያሉኝ ብዙ ናቸው። አንዱ፣ እኔ ከመጀመሪያውም ጠርጥሬ ነበር አለ፤ ልጄ ወደ ኋላ ሄዳ ብታይ ከሁሉ ረጅሙን ምስጋና የጻፈልኝ እሱ ነው። ቤሩት ያለችዋ ደግሞ፣ እትዬ፣ አሠሪዬን ዓይን ዓይኗን አየኋት፣ ከዚያ ወዲህ ጮኻብኝ አታውቅም፣ አሁን ምን ላድርግ? አለችኝ። ለእሷ ምን እንደምመልስ እስካሁን አላወቅኩም። ባሌ ሸሚዙን ማስተኮስ ተወ። በርጫው ላይ ሰው ሁሉ ስለ ድስቱ እየጠየቀው ቢያስቸግረው፣ ቢያንስ ቤቷን የማታቃጥል ሴት ናት አልኳቸው ብሎ ነገረኝ። እንደ መከላከል መሆኑ ነው።

ሐሙስ ጠረጴዛዬ ላይ ቁጭ ብዬ ዋልኩ። ቀይ ላለችኝ አረንጓዴ ሰጠሁ። ልጅቷ አልጻፈችም። ዓርብም አልጻፈችም። እኔ ስፈራ ኖሬያለሁ፤ ግን የፈራሁት ሁሌ ለራሴና ለቤቴ ነበር። ከአንድ ቀን በላይ ላላየኋት የሰው ልጅ እንደዚያ ስፈራ የመጀመሪያዬ ነው፤ ሆዴ ውስጥ ቦታው ሌላ ነው።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ጥቅሏን ይዛ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመች። ደላላው መኪናውን ይዞ ሲመጣ ሽንት ቤት ገብታ ቆልፋ፣ ሆዴን አመመኝ ብላ ጮኻ ኖሯል። ጽሑፌን ለአምስቱም አንብባላቸዋለች። ሁለቱ አብረዋት ቀሩ። ሦስቱ፣ ሴትዮዋ ፈሪ ስለሆነች እኛ ልንቀር ነው? ብለው ስቀው መኪናው ላይ ወጡ። ከሦስቱ ሁለቱ መድረሳቸውን ከወራት በኋላ ሰማን። የሦስተኛዋን ማንም አያውቅም። ደረሰች ብዬ ልጽፍ ብዙ ጊዜ ብዕሬን አንስቻለሁ፤ አልጻፍኩትም፣ አላውቅምና።

ልጅቷ የመመለሻ ወረቀቷ እስኪያልቅ እኛ ቤት አሥር ቀን ተቀመጠች። ይቅርታ አድርጌልሻለሁ አላለችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳት። ጠረጴዛው ላይ ግን ከእኔ የተሻለች ሻጭ ሆና ወጣች። ገዢ መጥቶ ይሄ ሻሽ ሲታጠብ ይለቃል ወይ ካላት፣ «ይለቃል» ትላለች ዓይኗን ሳታሽ፤ ሰውየው ደንግጦ ሁለት ይገዛል። ከእናቷ ጋር በስልክ ታርቃለች። አንድ ቀን ስልኩን ሰጠችኝ፤ እናቷ ስታመሰግነኝ ዝም ብዬ ብሰማ፣ «ምን እንዳደረግሽ ንገሪያት እንጂ» አለችኝ ከጎኔ። ነገርኳት። እናቷ፣ እግዜር ይስጥሽ፣ ቀድመሽ ባትዋሺ ደግሞ እንዴት ጥሩ ነበር አለች።

የምትሄድበት ጠዋት ወደ ድሬዳዋ የሚወስደው አውቶቡስ ጋ ሸኘኋት። ልትሳፈር ስትል እጄን ያዘችኝ። እስከ ደወሌ አድርሺኝ፣ ኬላው ላይ የሚጠይቁኝን ስለማላውቅ ብቻዬን እፈራለሁ አለችኝ። አውቶቡሱን አየሁት፤ ጎማው መላጣ፣ ሹፌሩ ገና በጠዋቱ ጉንጩ በጫት ተወጥሯል። ጠረጴዛዬን የሚጠብቅልኝ የለም ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ልጄ ጠረጴዛው ላይ መሆኗን ሁለታችንም እናውቃለን።

«እኔም እፈራለሁ» አልኳት።

«አውቃለሁ እማ፣ አገር ሁሉ ያውቃል» አለችኝና ገብታ ተቀምጣ፣ ጥቅሏን አንስታ አጠገቧ ቦታ ለቀቀችልኝ።

እስከ ፔካ አሥራ ሁለት ሄድኩላት፣ ከከተማው መውጫ ድረስ። ከዚያ በላይ አልቻልኩም፤ ወረድኩ።